ፍርድ ቤት የሚልካቸው፣ ቋንቋ የሚመልሳቸው

ጠጥቶ በማሽከርከር ጥፋተኛ የተባለ ሰው ከፍርድ ቤት ሲወጣ ከሚይዛቸው ወረቀቶች መካከል አንዲቱ ከሁሉም ታንሳለች። በላይዋ ላይ ያለው ሠንጠረዥ ብቻ ነው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ፊርማ። ሰውየው ከአልኮል ለማገገም የሚሰበሰቡ ሰዎች ዘንድ በየሳምንቱ እየሄደ መገኘቱን የሚያስመሰክርባት ወረቀት ናት። ሠንጠረዡ ሲሞላ ለአመክሮ ተቆጣጣሪው ያስረክባታል፤ ተቆጣጣሪውም መዝገቡ ላይ ምልክት አድርጎ ወደሚቀጥለው ጉዳይ ይሻገራል።

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ ይህችን ወረቀት በኪሳቸው ይዘው በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ በታጣፊ ወንበር ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ከሚቀመጡት መካከል አማርኛ ተናጋሪዎች አሉ። ተራ ሲደርሳቸው ስማቸውን ተናግረው “አሳልፉኝ” ይላሉ። ክፍሉ ሲስቅ ምን እንዳሳቀው አይገባቸውም፤ ክፍሉ ዝም ሲል ማን ምን እንደደረሰበት አያውቁም። ሰዓቱ ሲያልቅ ወረቀታቸውን ያስፈርማሉ። በሕግ ዓይን ግዴታቸውን ተወጥተዋል። በሕክምና ዓይን ግን የሆነ ነገር የለም።

ይህ ጉድለት በበጀት እጥረት ብቻ የመጣ አይደለም። መንግሥት የሚቆጥረው መገኘትን እንጂ መረዳትን ባለመሆኑ የመጣ ነው። ሊታረምም ይችላል፤ ማረሚያውም አብዛኛው በፍርድ ቤት አስተዳደር፣ በካውንቲ የጤና ቢሮና በክልል ምክር ቤት እጅ ይገኛል።

የእኩያ ድጋፍ ስብሰባ የሚሠራው በንግግር ነው፤ ሌላ መሣሪያ የለውም። ሐኪም የለም፣ መምህር የለም፣ መድኃኒት አይታዘዝም። አንዱ ከአልጋው ሲነሣ እጁ እየተንቀጠቀጠ የመጀመሪያዋን መለኪያ እንዴት እንደጨለጠ ይናገራል፤ ሌላው ያን ሰምቶ “ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም” ይላል። በ1935 በኦሃዮ ግዛት በአክረን ከተማ አንድ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሰውና አንድ የቀዶ ጥገና ሐኪም ተገናኝተው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ በአጭሩ ኤኤ የሚባለውን ማኅበር ሲመሠርቱ ያገኙት ነገር ይኸው ነበር፤ ጠጪ ለጠጪ ሲናገር ይሰማል። ሐሳቡ እንዲያውም ከዚያ ይቀድማል። በ1840 በባልቲሞር፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ከአንድ ሰዓት በማይበልጥ ርቀት፣ ስድስት ጠጪዎች በአንድ መጠጥ ቤት ተቀምጠው መጠጥ ለመተው ተማምለው የዋሽንግተን የመጠጥ መታቀብ ማኅበርን መሥርተዋል። የእነርሱም ስብሰባ የሕይወት ታሪክን በአደባባይ በመናገር ላይ የቆመ ነበር።

በሥራ ቦታ እንግሊዝኛ ይበቃል የተባለለት ሰው በዚህ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛው የማይበቃው ለዚህ ነው። ሒሳብ መቀበል፣ አቅጣጫ መጠየቅ፣ የሥራ ቅጽ መሙላት አንድ ነገር ነው። እንግዳ ሰው በፍጥነት፣ በሰፈር አነጋገር፣ አንዳንዴም እያለቀሰ የሚያወጣውን ገመና መከተል ሌላ ነው። የራስን ገመና በሁለተኛ ቋንቋ ማውጣት ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። ልጁ ፊት የወደቀበትን ሌሊት “ጥሩ አልነበረም” ከማለት በላይ መግለጫ ያጣ ሰው ታሪኩን ተናገረ ማለት አይቻልም።

የእነዚህ ስብሰባዎች ጥቅም የወሬ ብቻ አይደለም። በ2020 የወጣው የኮክሬን የጥናት ግምገማ 27 ጥናቶችንና 10,565 ተሳታፊዎችን መርምሮ፣ ሰውን በተደራጀ መንገድ ከኤኤ ጋር የሚያገናኝ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ከመጠጥ በመታቀብ ረገድ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች እንደሚልቅ አግኝቷል፤ በአንድ ዓመት ጊዜ 42 በመቶ ለ35 በመቶ። የሕግ አውጪዎች ረዳቶች ይህን ቁጥር ሲጠቅሱ ግን አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። የተመረመረው ወረቀት ሰጥቶ ማሰናበት አልነበረም። ባለሙያው ታማሚውን ያዘጋጀዋል፣ በክፍሉ ምን እንደሚገጥመው ይነግረዋል፣ በቀጠሮው መካከል ሄዶ እንደሆነ ይጠይቀዋል፣ ከነባር አባል ጋር ያስተዋውቀዋል። ፍሬ ያፈራው ማገናኘቱ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ግን የሚደርሰው ወረቀቷ ብቻ ናት።

የማገናኘቱ ሥራ በአማርኛ ሲሠራ ምን እንደሚጠይቅ የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው፤ ቅጽን ቃል በቃል ማስተርጎም የሚበቃ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ጥቂት ቃላትን ብቻ መመልከት ይበቃል።

“ስብሰባ” የሚለው ቃል በተወሰነ ዕድሜ ላይ ላለ ኢትዮጵያዊ ባዶ ቃል አይደለም። ቀበሌን፣ የውይይት ክበብን፣ ሂስና ግለሂስን ያስታውሰዋል። በክብ ተቀምጦ፣ ተራ ጠብቆ፣ ጥፋቱን በሰው ፊት እንዲናገር የተደረገ ሰው ያ ንግግሩ በማን ማስታወሻ ላይ እንደተጻፈ፣ በኋላም ምን እንዳስከተለበት ያውቃል። አሁን ደግሞ በፍርድ ቤት ትእዛዝ በክብ ተቀምጦ ጥፋቱን እንዲናገር ሲጠየቅ፣ ዝም ማለቱ ግትርነት ሳይሆን ከልምድ የመጣ ጥንቃቄ ነው። ማንም እንዲናገር እንደማይገደድ፣ “አሳልፉኝ” ማለት ብቻ እንደሚበቃ፣ የአባላት መዝገብ እንደሌለ፣ ፈራሚው የሚያረጋግጠው መገኘቱን እንጂ የተናገረውን እንዳልሆነ በቋንቋው የሚነግረው ሰው ሊኖር ይገባል።

“ስፖንሰር” ከዚህ ይብሳል። በኤኤ ልማድ ስፖንሰር ማለት ቀድሞ ያገገመና አዲሱን ሰው እንደ ታላቅ ወንድም የሚከታተል፣ ሌሊት ስልክ የሚያነሣ አባል ነው። አማርኛ ተናጋሪው የሚያውቀው ስፖንሰር ግን ሌላ ነው፤ በአሜሪካ ለቪዛው ገቢውን አስመስክሮ የፈረመለት ዘመድ፣ በዓረብ አገር ደግሞ ፓስፖርቱን የያዘበት አሠሪ። “ስፖንሰር ፈልግ” ሲባል ውለታና ዕዳ፣ ምናልባትም ከአገር መባረር ይታየዋል። “አጋዥ” ወይም “መካሪ” ቢባል ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ክፍሉ ስለ ራስ እንዲነገር የሚጠብቀው ቃል ነው። እንግሊዝኛው ቃል በሽታን ወደ መግለጽ ያዘነብላል። አማርኛው “ሰካራም” ግን ስድብ ነው፤ የሚሰድበውም ሰውየውን ብቻ ሳይሆን ያሳደገውን ቤት ነው። አንድ አባወራ በማያውቃቸው ሰዎች ፊት ቆሞ “ሰካራም ነኝ” እንዲል መጠበቅ የአባቱን ስም እንዲጥል መጠየቅ ይሆናል። “ከመጠጥ ጋር ችግር አለብኝ” ወይም “መጠጥ አሸንፎኛል” የሚለው አነጋገር በቋንቋው ውስጥ አለ፤ ክብርንም አይነካም። አስተርጓሚው የትኛውን እንደሚመርጥ ግን በዕድል የሚተው ነገር መሆን የለበትም።

እዚህ ላይ ከማኅበረሰቡ ውስጥ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ሊታለፍም አይገባም። “የእንግሊዝኛው ክፍል የሚሻለው ማንም ስለማያውቀኝ ነው” የሚሉ አሉ። ትክክል ናቸው። በአንድ ከተማ የሚገኙ አማርኛ ተናጋሪዎች በእድር፣ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ፣ በአገር ልጅነት፣ በሠርግና በልቅሶ የተሳሰሩ ናቸው። በስምንት ሰው ክፍል ውስጥ የሚስት አክስት ጎረቤት መገኘቷ የማይቀር ነው። ስም-አልባነት ለሚሊዮኖች ከተማ የተፈጠረ ጥበቃ ነው፤ በአምስት ቤተሰብ አንድ ሰው በሚገናኝበት ማኅበረሰብ ውስጥ ቀጭን መጋረጃ ነው። አስተርጓሚ መመደቡም ይህን አይፈታም፤ አንዳንዴ ያብሰዋል። በፍርድ ቤት የሚያስተረጉመው ሰው በሆስፒታልም የሚያስተረጉመው፣ እሑድ ደግሞ በአንድ ቅዳሴ የሚገናኙት ሊሆን ይችላልና።

ይሁን እንጂ ተቃውሞው የሚያረጋግጠው ሰው ምርጫ እንደሚያስፈልገው ነው፤ የአማርኛ ስብሰባ እንደማያስፈልግ አይደለም። ከ2020 ወዲህ የእኩያ ድጋፍ ስብሰባዎች በቪዲዮና በስልክ መካሄዳቸው የተለመደ ሆኗል። ይህ ለሌላው ሰው ምቾት ነው፤ ተበታትኖ ለሚኖር ትንሽ የቋንቋ ማኅበረሰብ ግን ብቸኛው የስም-አልባነት መንገድ ሊሆን ይችላል። የቨርጂኒያው ሰው ከሲያትል፣ ከሚኒያፖሊስ፣ ከቶሮንቶና ከፍራንክፈርት ሰዎች ጋር ካሜራውን አጥፍቶ በአማርኛ ሊቀመጥ ይችላል፤ የማንንም አክስት አያገኝም። አስተርጓሚም ካስፈለገ ከሌላ ግዛት በስልክ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ የሚጨነግፈው ግን ተቆጣጣሪው በኢንተርኔት የተካሄደን ስብሰባ አልቆጥርም ሲል ነው። አንዱ ፍርድ ቤት ይቆጥራል፣ ሌላው አይቆጥርም፤ አንዳንድ ጊዜም ውሳኔው በአንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ካለ ባለሥልጣን ወደ ባለሥልጣን ይለያያል።

ሴቶችን በተመለከተ ችግሩ ይደራረባል። የጠጪ ወንድ ገመና ይሸፈናል፤ “ድካሙ ነው፣ ስደቱ ነው” ይባልለታል። ለጠጪ ሴት የሚወጣው ስም ግን ከመጠጡ ያልፋል፤ ልጆቿን ማሳደግ መቻሏንም ያስጠይቃል። ስለዚህ ትደብቃለች፤ ጉበቷ ወይም የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛ እስኪያወጣው ድረስ። እንዲህ ያለችው ሴት ከማኅበረሰቧ ወንዶች ጋር በአንድ ክፍል ትቀመጣለች ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። የሴቶች ብቻ የሆኑ ስብሰባዎች በኤኤ ውስጥ አሉ፤ ከ1975 ጀምሮ ደግሞ ለሴቶች ብቻ የተቋቋመ ሌላ ድርጅት አለ። በቤተሰብ ፍርድ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ይህን አማራጭ ለአማርኛ ተናጋሪዋ እናት መናገር ያለባቸው ልጆቿ ከመወሰዳቸው በፊት ነው።

የእምነቱን ጉዳይም መሸፋፈን አይገባም። ስብሰባዎቹ ብዙውን ጊዜ የሚካሄዱት በተከራዩት የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ነው። ኤኤ የየትኛውም ሃይማኖት ክፍል አይደለም፤ ስለ ፈጣሪ የሚናገረው ግን ብዙ ነው፤ በአሜሪካ አንዳንድ ቡድኖች የሚዘጉትም በ“አባታችን ሆይ” ነው። ሙስሊሙ በዚያች ደቂቃ ምን እንደሚያደርግ ግራ ይገባዋል። ኦርቶዶክሱ ደግሞ የሌላ እምነት ጉባኤ ውስጥ የገባ መስሎት ለንስሐ አባቱ ምን ብሎ እንደሚናገር ያስባል። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች በዚህ ላይ የሰጡት ቃል ግልጽ ነው። የሰባተኛው ችሎት ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1996፣ የዘጠነኛው ችሎትም በ2007፣ መንግሥት አንድን ሰው ሃይማኖታዊ ይዘት ባለው የማገገሚያ ፕሮግራም እንዲገኝ ሌላ አማራጭ ሳይሰጥ ማስገደዱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለዋል። እንደ ስማርት ሪከቨሪ ያሉ ሃይማኖት የማይነካቸው ፕሮግራሞች ከ1994 ጀምሮ አሉ። ይህን መብት ለአማርኛ ተናጋሪው በሚገባው ቋንቋ የሚነግረው ማን ነው? ያልተነገረ አማራጭ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል።

የማኅበረሰቡ የሃይማኖት አባቶችም በዚህ ሥራ ውስጥ ቦታ አላቸው። ብዙ ሰው መጠጥ ለመተው የመጀመሪያ እርምጃው ጸበል ነው፣ ወይም በታቦት ስም መማል ነው። በዚያ የተፈወሱ አሉ። መሐላው ከፈረሰ ግን መጠጡ ላይ ሌላ ሸክም ይጨመራል፤ ሰውየው ከሰው ብቻ ሳይሆን ከመቅደሱም መሸሽ ይጀምራል። የእኩያ ድጋፍ ክፍል ለዕድሜ ልክ አያስምልም፤ የሚጠይቀው የዛሬን ቀን ነው፤ የወደቀውም ነገ ተመልሶ ሲመጣ ወንበሩን አያጣም። ካህኑ ወይም ኢማሙ ይህን ተረድተው የወደቀውን ወደዚያ ክፍል ቢመሩት ከእምነታቸው የሚወጣ ነገር የለም። አሠራሩም ቢሆን ለባህሉ እንግዳ አይደለም። በወር በወር፣ በቁጥር የታወቁ ሰዎች በየተራ የሚገናኙበት፣ የቀረ ሰው የሚጠየቅበትና የታመመ የሚጎበኝበት የጽዋ ማኅበር ለዘመናት የኖረ ነው። ልዩነቱ ጽዋው ውስጥ ያለው ነገር ላይ ነው፤ እርሱም ቢሆን ብዙዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከጠላ ጋር ያስተዋወቀ መሆኑን በግልጽ መነጋገር ይገባል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ መግባት አለበት። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ በብዛት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ፣ የሌለ ነገር ሊያይ፣ እንደ ሚጥል በሽታ ሊጥለው፣ ሊሞትም ይችላል። በቤት ተዘግቶ ወይም በጸበል ቦታ ያለ ሐኪም ክትትል ማቆም ለእንዲህ ያለው ሰው አደጋ ነው። ስብሰባው የሕክምና ምትክ አይደለም፤ በአማርኛ የሚዘጋጅ ማንኛውም ጽሑፍ ይህን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሊይዝ ይገባል።

ለምን አሁን? ለሚል ጠያቂ መልሱ በስደተኞች ሕግ ውስጥ ነው። ዜግነት የሚጠይቅ ሰው በሕጉ በተወሰነው ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ፣ መልካም ሥነ ምግባር እንደነበረው ማሳየት አለበት። በ2019 የአገሪቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በሰጡት ውሳኔ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ጠጥቶ የማሽከርከር ጥፋተኝነት ያለበት ሰው መልካም ሥነ ምግባር እንደሌለው ይገመታል። በኋላ የተደረገ የማገገም ጥረት የሚመሰገን ቢሆንም ብቻውን ግምቱን አያፈርስም። ይህን ሕግ መተቸት ይቻላል፤ ስለ ሱስ ያለው አመለካከት የሳይንስ አይደለም። እስካለ ድረስ ግን አንድ ነገር ያስገነዝባል፤ ሁለተኛው ክስ ከመጣ በኋላ የተሞላ የፊርማ ወረቀት ብዙም አይታደግም። ሊታደግ የሚችለው በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ጊዜ ነው። ትርጉም በሌላቸው ስብሰባዎች የሚባክነውም ያው ጊዜ ነው። የአንድ አባወራ የዜግነት ማመልከቻ፣ እርሱን ተከትለው የሚመጡት የወላጆቹ ጉዳይ፣ የቤተሰቡ መኖሪያ ሁሉ በዚያች ጠባብ ጊዜ ላይ ተንጠልጥሏል።

የእንጀራው ጉዳይ ከዚህ ይጠጋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በአሜሪካ በሹፌርነት ይተዳደራሉ፤ የከባድ መኪና ሹፌሮችም ጥቂት አይደሉም። ለግል መኪና አሽከርካሪ በአብዛኞቹ ግዛቶች የተፈቀደው የአልኮል መጠን ጣሪያ 0.08 ሲሆን የንግድ ተሽከርካሪ ለሚነዳው 0.04 ነው። ከጥር 2020 ጀምሮ በፌዴራል ደረጃ የሚሠራ የመረጃ ቋት አለ፤ የአልኮል ምርመራ ያላለፈ ሹፌር ስሙ እዚያ ይገባል፤ ከኅዳር 2024 ወዲህም እንዲህ ያለው ሹፌር የንግድ መንጃ ፈቃዱን ያጣል። ወደ ሥራው ለመመለስ በባለሙያ ተገምግሞ የታዘዘለትን ትምህርት ወይም ሕክምና መፈጸም፣ ከዚያም በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ቢያንስ ስድስት ያልተነገሩ ምርመራዎችን ማለፍ አለበት። ደንቡ ራሱ ከሚታዘዙት የትምህርት ዓይነቶች መካከል የእኩያ ድጋፍ ቡድኖችን በስም ይጠቅሳል። ሰኞ በኢንዲያና፣ ረቡዕ በቴክሳስ የሚያድር ሹፌር ማክሰኞ ማታ በሲልቨር ስፕሪንግ በሚካሄድ ክፍል ሊገኝ አይችልም። በካቢኑ ውስጥ ሆኖ፣ መኪናውን አቁሞ፣ በስልኩ በአማርኛ የሚካፈለው ስብሰባ ግን ሥራውንና ሕይወቱን አብሮ ሊያተርፍለት ይችላል።

እንግዲህ መንግሥት ምን ማድረግ ይችላል? በመጀመሪያ የማይችለውን መናገር ይሻላል፤ በቅን ልቦና የተነሡ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና። ለኤኤ የአማርኛ ቡድን ገንዘብ ይመደብ የሚል ሐሳብ ይነሣል። ኤኤ ከውጭ የሚመጣ ገንዘብ አይቀበልም፤ ይህ ከመሠረታዊ ወጎቹ አንዱ ነው። በጀት ቢያዝለትም አይወስድም፤ ቡድን እንዲከፍትም ማንም ሊያዝዘው አይችልም። የአማርኛ ቡድን የሚጀምሩት ራሳቸው መጠጥ ለማቆም የፈለጉ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ናቸው። በስፓኒሽ ተናጋሪዎች ዘንድ የሆነውም እንዲሁ ነው፤ ከጥቂት ሰዎች ተነሥቶ ዛሬ በመላ አገሪቱ የተሰራጩ ቡድኖችና ከ1996 ጀምሮ የሚታተም የራሳቸው መጽሔት አላቸው።

የመንግሥት የሆነውን ግን መንግሥት ሊያስተካክል ይችላል፤ ይገባዋልም። የፍርድ ቤቱ ቅጽ የመንግሥት ነው። የአመክሮ ጽሕፈት ቤቱ የሚሰጠው የስብሰባዎች ዝርዝር የመንግሥት ነው። በቨርጂኒያ ጠጥቶ በማሽከርከር የተፈረደበት ሰው የሚመዘገብበት የግዛቱ የአልኮል ደኅንነት ፕሮግራም የመንግሥት ነው። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ክፍል የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሁሉ በትውልድ አገር ምክንያት እንዳያዳላ ያዝዛል፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1974 ይህን ከቋንቋ ጋር አያይዞታል። በ2000 የወጣው ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ቁጥር 13166 በመጋቢት 2025 በሌላ ትእዛዝ ተሽሯል፤ ብዙ ቢሮዎችም ግዴታው አብሮ የቀረ አስመስለው መናገር ጀምረዋል። የተሻረው ትእዛዙ እንጂ ሕጉ አይደለም። በሌላ በኩል ከ2001 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ፣ ሆን ተብሎ ያልተደረገ ነገር ግን በውጤቱ የሚያዳላ አሠራር ሲኖር ግለሰብ በዚያ ሕግ መሠረት በቀጥታ መክሰስ አይችልም። የግዛትና የከተማ ሕግ አውጪዎች ሚና የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። ወንዙን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ሰው ዲሲ ካለው ወንድሙ ያነሰ የሚያገኝበት ምክንያት ሊኖር አይገባም።

ከሁሉም የላቀ ፍሬ የሚያፈራው ግን የሰው ኃይል ነው። የፌዴራሉ መንግሥት በ2007 ለግዛቶች በላከው ደብዳቤ ሜዲኬይድ የእኩያ ድጋፍ ሰጪዎችን አገልግሎት ሊከፍል እንደሚችል አስታውቋል። እነዚህ ራሳቸው ከሱስ ያገገሙ፣ ሠልጥነው የምስክር ወረቀት የያዙና ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች ናቸው፤ ከኤኤ የተለዩ ስለሆኑም የመንግሥት ገንዘብ አይከለክላቸውም። አማርኛ ተናጋሪ የሆነ አንድ እንዲህ ያለ ሰው በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ቢገኝ፣ ከላይ የተዘረዘሩትን ቃላት ሁሉ ያውቃል። “አሳልፉኝ” ማለት እንደሚቻል ይነግረዋል፣ የመጀመሪያውን ቀን አብሮት ይሄዳል፣ ሹፌሩ የትኛውን የኢንተርኔት ክፍል በስንት ሰዓት እንደሚያገኝ በስልኩ ላይ ያሳየዋል። እንዲህ ያለ ሰው እንዲገኝ ግን ሥልጠናውና ፈተናው በአማርኛም ሊሰጡ ይገባል። በራሱ ቋንቋ ሌላውን ለማገዝ የተሻለ ብቃት ያለው ሰው በእንግሊዝኛ ፈተና ስለወደቀ ከሥራው መቅረቱ ከንቱ ኪሳራ ነው።

ስለ ምስጢር ጥበቃም በአማርኛ እውነቱ ይነገር። የሕክምና ተቋማትን የሱስ ሕክምና መዛግብት የሚጠብቅ ጠንካራ የፌዴራል ደንብ አለ፤ በእኩያ ድጋፍ ክፍል ውስጥ የተነገረን ቃል ግን ያ ደንብ አይሸፍነውም። በክፍሉ ውስጥ የሚጠብቀው የአባላቱ ቃል ኪዳን ነው። የስደተኛ ጉዳይ ገና በመታየት ላይ ያለበት ሰው ስለ መጠጡ መናገር እንደሚችል፣ ያልተፈረደበትን ወንጀል ግን ከጠበቃው ጋር ሳይመክር በክፍሉ እንዳያወራ ሊመከር ይገባል።

ለምክር ቤት አባላት ረዳቶች በዚህ የሥራ ዘመን ሊጀመር የሚችል አንድ ወጪ የሌለው ነገር አለ። የመገኘት ማረጋገጫዋን ወረቀት የፍርድ ቤት አስተዳደር በደብዳቤ ብቻ ሊያሻሽላት ይችላል። በሠንጠረዡ ላይ ስብሰባው የተካሄደበትን ቋንቋ የሚገልጽ አንድ ዓምድ ይጨመር። ከሠንጠረዡ በታች፣ በአማርኛም ጭምር፣ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ይጻፉ፤ አንደኛው በኢንተርኔት ወይም በስልክ የሚካሄድ ስብሰባ በአካል ከሚካሄደው እኩል እንደሚቆጠር፣ ሁለተኛው ሃይማኖታዊ ያልሆነ አማራጭ መምረጥ የሰውየው መብት እንደሆነ። ከአንድ ዓመት በኋላ የቋንቋውን ዓምድ የሚቆጥር ሰው ስንት አማርኛ ተናጋሪ በማይገባው ቋንቋ ሲቀመጥ እንደከረመ ያውቃል፤ የሚቀጥለው ዓመት የበጀት ጥያቄም ከዚያ ቁጥር ይነሣል።